ለተነካካ አሮጌ ዲቲ 125 የካርቡራቶር ጄት፦ ባለ 10 ፍሬው ፓኬት ወይስ ነጠላ ኦሪጅናል?

ማርሚታው ለተቀየረ፣ የአየር ፊልትሮው በስፖንጅ ለተተካ፣ ሲሊንደሩም ሬቲፊካ ተደርጎ በ0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስቶን ለገባለት ያማሃ ዲቲ 125 ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ዋና ጄት (በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን) ይገኛል። አንዱ 10 ፍሬ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ስም የለሽ ፓኬት ነው። ሌላው በነጠላ የሚገዛው የካርቡራቶር አምራቹ የሚኩኒ ኦሪጅናል ነው። ፓኬቱን አትግዙ። በዚያው ብር አራት ኦሪጅናል ባይገኝ እንኳ ሁለት ይሻላል።

ሁለቱን በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ፀሐይ አዙሯቸው። የኦሪጅናሉ ቀዳዳ ድፍን ክብ ነው፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው። ፊቱ ላይ ከቁጥሩ ጋር አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ የገባበት ምልክት ተመትቶበታል። በፓኬቱ ጄት ቀዳዳ አፍ ላይ ግን ፀጉር የምታህል የናስ ቅንጣት ተንጠልጥላ ትገኛለች፣ አንዳንዱም ቀዳዳው ከመሃል ሸሽቶ የተበሳ ነው። ያቺ ቅንጣት የቤንዚኑን መንገድ ታውካለች፤ በመሆኑም 160 ተብሎ የተመታበት ጄት ከ150 ያነሰ ሊያሳልፍ ይችላል። ባለሁለት ምት ሞተር ላይ ይህ ሞተሩን የሚያስነክስ ስህተት ነው፤ ቤንዚን ሲያንሰው ፒስቶኑ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ፓኬቱን አስቀድሞ የገዛ ሰው መጣል የለበትም፣ ይለካው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት፤ አፉ ላይ የቤንዚን ጎማ አጥብቁ፣ የጎማው ጫፍ ላይ ጄቱን ሰክታችሁ በሽቦ እሰሩ። ጠርሙሱ ላይ ሁለት መስመር አስምሩና ውሃው ከላይኛው እስከ ታችኛው መስመር የሚወርድበትን ጊዜ በስልካችሁ ያዙ። ባለ 155 ኦሪጅናል 60 ሰከንድ ከፈጀ፣ ትክክለኛ 150 ወደ 62 ሰከንድ መፍጀት አለበት። የአንድ ቁጥር ልዩነት ይቺ 2 ሰከንድ ብቻ ናት። ስለዚህ ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩ፣ የጎማውንም ከፍታ አትቀይሩ። ተመሳሳይ ቁጥር ኖሯቸው በ4 ሰከንድ የሚለያዩ ጄቶች ካገኛችሁ የተመታውን ቁጥር እርሱት።

ስለ ቁጥር ከተነሳ፣ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ራሱ ትልቁ የሚኩኒ ጄት የሚቆጠረው በሚያሳልፈው የቤንዚን መጠን ነው፤ የሌላው ካርቡራቶር አምራች የኬሂን ቁጥር ደግሞ የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፣ 100 ማለት 1.00 ሚሊ ሜትር። «100 መቶ ነው፣ አንድ ነው» ተብሎ የኬሂን ቁጥር ለሚኩኒ ካርቡራቶር ከተሰጣችሁ አትቀበሉ።

ከፍታውም እንደዚሁ በቁጥሩ ዓይነት ይሰላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በ16 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሚኩኒው ቁጥር በዚህ ሳቢያ ወደ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ የኬሂኑ ስፋት ስለሆነ 4 በመቶ ይበቃዋል። ማርሚታው የተሠራበት አገር መመሪያ ባሕር ጠለል ላይ 170 ይላል እንበል። እዚህ 156 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ 165፣ 160፣ 155 እና 150 ግዙ፤ ከ165 ጀምራችሁ ውረዱ። ከታች ጀምሮ መውጣት ፒስቶን ያስከፍላል። ሞተሩ ውስጥ ያገኛችሁትን አሮጌ ጄት መነሻ አታድርጉት፤ ባለፉት ዓመታት ማን ምን እንደከተተበት አይታወቅም።

ጄት ከመቀየራችሁ በፊት ግን ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ላስቲክ አጥፋችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለው፣ ወይም የክራንክ ሻፍቱ ዘይት መጠበቂያ ላስቲክ ካረጀ፣ ሞተሩ በዚያ በኩል አየር ይስባል። ምልክቱ ጋዝ ለቃችሁት ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ላይ ለመውረድ ማንገራገሩ ነው። ይህን የትኛውም ጄት አያድነውም።

ለሙከራ የፎገራ ሜዳን የሚያህል የለም፦ ከባሕር ዳር ጋር ከፍታው ተቀራራቢ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ። ከብትና የሩዝ ጫኝ ጋሪ የማይበዛበትን ሰዓት ምረጡ። ጋዝ መስጫው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሦስት አራተኛውን ምልክት አድርጉ፤ ዋናው ጄት የሚገዛው ከሦስት አራተኛ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አዲስ ካንዴላ ግጠሙ። በ4ኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ ጋዙን በትንሹ ቀንሱ። ፍጥነት ከጨመረ ቤንዚን አንሶታል፤ ወዲያው ቁሙ፣ ትልቁን ክተቱ። እየተንተባተበ ጫፍ መድረስ ካቃተው በዝቶበታል። ካልተንተባተበ ሙሉ ጋዝ ላይ እንዳለ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ቁልፉን በአንድ ጊዜ አጥፉ፣ ዳር ይዛችሁም ካንዴላውን ፍቱ። የሚታየው የነጩ ሸክላ ጫፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚገባው ግርጌው ነው። እዚያ ቀለል ያለ የቡና መልክ ያለው ቀለበት ይፈለጋል። ንጹሕ ነጭ ከሆነ አደጋ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ አንድ ቁጥር ውረዱ።

ቤንዚኑ ውስጥ የምትቀላቅሉትን ዘይት ከ1 ለ50 ወደ 1 ለ25 ከቀየራችሁ በጄቱ የሚያልፈው ቤንዚን 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ዘይት ባበዛሁ ሞተሩ ይጠበቃል ብሎ ጄቱን የረሳ ሰው ግማሽ ቁጥር ወርዷል ማለት ነው።

ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ጋዝ ያለው ከጋዙ ጋር የሚወጣውና የሚወርደው የካርቡራቶሩ መርፌ ክልል ነው። ማያዣውን አንድ እርከን ዝቅ ስታደርጉት መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ግማሽ ጋዝ ላይ ጢሱ አልጠፋ ካለ መርፌው የሚገባበት ቱቦ በአቧራ ተበልቶ ሞላላ ሆኖ ይሆናል፤ ያኔ ቱቦውን መቀየር ነው። የሚኒሞው ጄት ቀላል ነው። ቪኤም በሚባለው የሚኩኒ ካርቡራቶር ላይ የአየር ብሎኑ ከ1 እስከ 2 ዙር ተከፍቶ ሞተሩ ከረጋ ትክክል ነው፤ ከ1 በታች ከፈለገ ትልቅ ጄት፣ ከ2 በላይ ከፈለገ ትንሽ ጄት ይገባለታል።

ጄት በሽቦ አይጠረግም። ናስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስበት 150 የነበረው ቁጥሩን ያጣል። ጣና ዳር ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጠግኑበት ቀጭን ናይለን ክር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፣ ቆሻሻውን ይገፋል እንጂ ናሱን አይልጥም። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በአየር አስነፉት። በጀሪካን ከሚሸጥ ቤንዚን ጋር የሚገባው ውሃ ከካርቡራቶሩ ሥር ስለሚተኛ ሳህኑንም ፈታችሁ ድፉት።

ለጉዞ ከተስማማው ጄት በላይና በታች ያሉትን ሁለቱን ትርፍ ጄቶች በክዳን ጠርሙስ ከካቻቪቴ ጋር ያዙ። ባሕር ዳር 155 የተስማማው ሞተር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደብረ ታቦር 150 ይበቃዋል፤ ባይቀየርም ይደነዝዛል እንጂ አይነክስም። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ግን የአባይ በረሃ ወለል 1,100 ሜትር አካባቢ መሆኑን ያስብ፦ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩም ከድልድዩ ጀምሮ ጎሐ ጽዮን ድረስ ሙሉ ጋዝ ይጎትታል። 160ውን ደጀን ላይ ክተቱ፣ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ።