ትራይዞል፦ ለገብስ ቅጠል የሚታመን፣ ለፍሬው ጥንቃቄ የሚሻ

በመንዝና በተጉለት ገብስ ላይ ውርጭ ሲያርፍ ሲቢኤፍ የሚባሉት ብርድን የመቋቋሚያ ጂኖች ምን ያህል እንደሚነቁ ለመለካት መጀመሪያ ያልተሰባበረ አርኤንኤ (ጂን ሲነቃ የሚሠራው ቅጂ) ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ትራይዞል፣ ማለትም አርኤንኤን ከህዋስ ለይቶ የሚያወጣው ፌኖልና ጓኒዲን ያለበት ፈሳሽ፣ ዛሬም ጥሩ ምርጫ ነው። ቅጠሉ ግን ማሳው ላይ እንደተቆረጠ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይግባ፤ የዘገየ ቅጠል የውርጩን ምላሽ ከመቆረጡ ምላሽ ጋር ያደባልቃል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ኬሚካል አያስተካክለውም።

ለ100 ሚሊግራም የተፈጨ ቅጠል 1 ሚሊሊትር ትራይዞል፣ ቀጥሎ 0.2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም፤ ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ በ12,000 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ)፣ በ4 ዲግሪ፣ ለ15 ደቂቃ። የላይኛው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ይቀዳ። መካከለኛውን ነጭ ሽፋን የነካ ሰው ዲኤንኤ ይዞ ይወጣል፣ የኪውፒሲአር (የጂን ቅጂን መጠን የሚለካው ምርመራ) ውጤቱም ይዛባል፤ ለማንኛውም በዲኤንኤዝ ኢንዛይም ዲኤንኤን የማጥፋት እርምጃ አይዘለል።

ድክመቱ ፍሬው ላይ ነው። ስታርቹ ከአርኤንኤው ጋር አብሮ ይዘቅጥና እንደ አጥሚት ይወፍራል። አርኤንኤውን ለማዝቀጥ ከሚጨመረው አይሶፕሮፓኖል ግማሹን 0.8 ሞላር ሶዲየም ሲትሬትና 1.2 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ባለው ውህድ መተካት ብዙውን ያቃልላል። የ260/230 ንባብ (ንጽህናን የሚያሳይ የብርሃን መምጠጥ ምጥጥን) ዝቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከትራይዞሉ ጓኒዲን አብሮ ቀርቷል፤ በ75 በመቶ ኢታኖል እንደገና ይታጠብ።

ፌኖል ስላለበት ያለ ጓንት አይነካ። ቆሻሻው በፍጹም ከበረኪና ጋር አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።