በሐሳባዊ ሞዴል ውስጥ ተደጋጋሚ መዋቅር ፍለጋ፦ በዓይን ወይስ በፕሮግራም?

ሐሳባዊ ሞዴል ማለት ዳታቤዝ ስለ ምን ነገሮች መረጃ እንደሚይዝና ነገሮቹ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ንድፍ ነው። በቤተ መጻሕፍት የዳታቤዝ ሞዴል «አባል»ንና «መጽሐፍ»ን «ውሰት» ያገናኛቸዋል፤ በሆስፒታል ሞዴል ደግሞ «ታካሚ»ንና «ሐኪም»ን «ቀጠሮ»። ስሞቹ ቢለያዩም በሁለቱም ወገን የአንድ ለብዙ ግንኙነት ስላለ (ለምሳሌ አንድ አባል ብዙ ውሰቶች፣ አንድ መጽሐፍም ብዙ ውሰቶች ሊኖሩት ይችላሉ) መዋቅሩ አንድ ነው።

በዓይን፦ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፣ ትርጉምም ይመዘናል፤ ሞዴሉ ሲሰፋ ግን ዓይን ይደክማል።

በፕሮግራም፦ ሞዴሉ ወደ ነጥቦችና መስመሮች ግራፍ ስለሚለወጥ የስም ልዩነት አያሳስትም። ይሁን እንጂ የሚፈለገው ቅርጽ አስቀድሞ በትክክል መገለጽ አለበት፤ ንዑስ ግራፍን ማዛመድ፣ ማለትም ትንሹን ቅርጽ በትልቁ ግራፍ ውስጥ መፈለግ፣ እጅግ ከባድ ከሚባሉት የስሌት ችግሮች አንዱ በመሆኑም፣ ቅርጹ በሰፋ ቁጥር የሚወስደው ጊዜ በፍጥነት ሊያሻቅብ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ ትርጉሙም ገጥሟል ብሎ መቀበል ነው።

አንድ ትንሽ ሞዴል ለሚያርም ሰው ዓይኑ ይሻለዋል፤ በርካታ ሞዴሎችን ለሚያነጻጽር ግን፣ ውጤቱን ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ እስካጣራው ድረስ፣ ፕሮግራሙ ይመረጣል።