ለምታንጠባጥብ ኮሮላ ሲንተቲክ ዘይት?

ኮሮላዬ እ.ኤ.አ. የ1992 ስሪት ናት። ባለፈው ክረምት «ሙሉ ሲንተቲክ አድርግላት፣ አዲስ ትሆናለች» ተባልኩና ባለ 5ደብሊው-30 ገዛሁ። ሲንተቲክ ማለት በኬሚካል ሂደት የተሠራ የሞተር ዘይት ነው፤ ቁጥሩ የዘይቱን ቅጥነት ይናገራል፣ ከደብሊው በፊት ያለው በብርድ ጊዜ ያለውን። ዋጋው ያማል። ግን አልዋሽም፣ ጠዋት ቶሎ ትነሳለች፣ ድምጿም ለስልሷል።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ጠበቀችኝ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት እንዴ?» ሊሾው ላይ ጥቁር ዘይት ተንጣሏል።

ጥፋቱ የዘይቱ አይደለም። ሲንተቲክ የሞተሩን ማሸጊያ ጎማ («ሲል» የሚባለውን) አይበላም። በደረቀው «ሲል» ዙሪያ ለዓመታት የተጋገረ ቆሻሻ እንደ ቡሽ ደፍኖት ነበር። ዘይቱ ቀስ በቀስ ሲያጥበው ቀዳዳው ተገለጠ። ቀጭን መሆኑም ለማምለጥ አግዞታል።

መካኒኬ የቫልቭ ከቨር ጋስኬቱን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛው ክዳን ማሸጊያ፣ ቀየረ። ርካሽ ሥራ ነው፣ ከዚህ ጀምሩ። የኋላው የክራንክ «ሲል» ግን ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል፤ ኪሴን አይቼ ተውኩት።

ከዚያ «ሃይ ማይሌጅ» (ብዙ ኪሎሜትር ለሄደ ሞተር) የሚል የተጻፈበት ባለ 10ደብሊው-40 ከፊል ሲንተቲክ ሞከርኩ። ይሄኛው የደረቀ ጎማን የሚያለሰልስ ቅመም አለው። ለአዲስ አበባ ብርድ 10ደብሊው ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም፣ ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር። አሁን ሁለት ወር ሞላው፤ ካርቶኑ ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ጠብታ ባገኝ ነው። የተቀደደ «ሲል» ግን አይሰፋም፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የዘይት መለኪያዋን በየቅዳሜው አያለሁ፣ አንድ ሊትር መጠባበቂያ ዘይትም ከኋላ አለ። እናቴ ካርቶኑን እስካሁን አላነሳችውም።