«ዘ ሎው ኦፍ ኢኖሰንስ» ወይስ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት»፦ የትኛውን ልግዛ?

የሕግ ሰው ራሱ በነፍስ ግድያ የሚከሰስበት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለሚፈልግ ሰው እነዚህ ሁለቱ ቀድመው ይጠራሉ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ሁለቱም ከ400 ገጽ ይበልጣሉ። ስማቸው ስለሚቀራረብ ሲያዝዙ እንዳይምታታብዎ።

የማይክል ኮነሊ «ዘ ሎው ኦፍ ኢኖሰንስ» በ2020 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ሚኪ ሃለር የሎስ አንጀለስ ተከላካይ ጠበቃ ነው። ደንበኛውን በነጻ አስለቅቆ፣ ሲደሰት አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ ፖሊስ «ታርጋህ የለም» ብሎ ያስቆመዋል። ከመኪናው ሥር ደም የሚመስል ነገር ይንጠባጠባል። የኋላው ዕቃ መጫኛ ሲከፈት የቀድሞ ደንበኛው አስከሬን ተጋድሟል። ዋስትናው 5 ሚሊዮን ዶላር ይባልና እስር ቤት ሆኖ ራሱ ለራሱ ይሟገታል።

የመጽሐፉ ጣዕም ያለው ሙግቱ ላይ ነው። ሃለር ፈጣን ፍርድ የማግኘት መብቱን አልተውም ብሎ ዐቃቤ ሕጓን በቀጠሮ ያጣድፋታል፤ አንዷ ማስረጃ እንኳ ያለ ክርክር አታልፍም። እኛ አገር ፍርዱ የዳኛ ስለሆነ፣ በአሜሪካ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚሉትን 12 ተራ ዜጎች የማሳመኑ ጥበብ ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። ሃለር ግን እያስረዳ ስለሚሄድ ሕግ ያልተማረም አይቸገርም። እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። ጉድለቱ፣ ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቃሉ፤ የሚቀረው ማን አጠመደው የሚለው ነው። አጨራረሱም ለእኔ ተጣድፏል። ስለ ሃለር የተጻፉት ተከታታይ መጻሕፍት ስድስተኛው ቢሆንም ለብቻው ይነበባል።

ስኮት ቱሮ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት»ን በ1987 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ቺካጎ ውስጥ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ከሠራ በኋላ ነበር፤ ያም ያስታውቃል። እዚህ ተከሳሹ ጠበቃ ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ነው። ረስቲ ሳቢች የተገደለች የሥራ ባልደረባውን ጉዳይ እንዲመረምር ይታዘዛል፤ ከሴትየዋ ጋር በድብቅ ግንኙነት እንደነበረው ግን አለቃው አያውቅም። ቤቷ ውስጥ የእሱ የጣት አሻራ ያለበት ብርጭቆ ተገኘ ይባላል። ተከላካዩ «እስቲ ብርጭቆውን እንየው» ሲል ብርጭቆው የለም! ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ረስቲ ነው፣ ግን ገድሎ ይሁን አይሁን እስከ መጨረሻው እርግጠኛ አይሆኑም። ጠበቃው ሳንዲ ስተርን ምስክር ፊት ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያቀርብ ያሳየው ትሕትና ብቻውን መጽሐፉን ያስገዛል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ መጀመሪያው አካባቢ የምርጫና የቢሮ ሽኩቻ ይበዛበታል፣ ዓረፍተ ነገሩም ረዝሞ ይጠማዘዛል።

ከቱሮ መጽሐፍ የተሠራውን፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ሃሪሰን ፎርድ የተወነበትን ፊልም ካዩ ፍጻሜውን ስለሚያውቁት ኮነሊን ይግዙ። ያዩት ከዚያው መጽሐፍ የተሠራውን የ2024ቱን የአፕል ተከታታይ ድራማ ብቻ ከሆነ ግን ቱሮን አይለፉት፤ የመጽሐፉ ገዳይ ሌላ ሰው ነው።

ገንዘቤ ለአንድ ብቻ ቢበቃ የምገዛው ቱሮን ነው፣ በወረቀት፤ ወደ ኋላ እየገለጡ «ይህን መቼ ነገረኝ?» ማለት አይቀርምና። መኪና እየነዱ ለሚያዳምጡ ደግሞ የኮነሊው የድምፅ ቅጂ ይሻላል።