የብረት ብዕር ወይስ መቃ?

የሚጋልብ ፈረስ በሁለቱም ሥያለሁ። የብረቱ ጫፍ ጫን ሲሉት ተከፍሎ መስመሩን ያወፍረዋል፣ ላላ ሲያደርጉት እንደ ፀጉር ያቀጥነዋል፤ ለአንገትና ለጀርባ ረጅም ቅስት አቻ የለውም። ወደ ላይ ሲገፉት ግን ወረቀቱን ይቧጭርና ቀለም ይረጫል። ስንቱን ሥዕል አበላሽቶብኛል!

መቃ ብዙ ቀለም አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ እጅ ሳይወድ በግዱ አጭር አጭር ይጭራል፤ ጭረቱ ጠቁሮ ይጀምርና ጫፉ ላይ ሻክሮ ይጠፋል። ያ መጥፋቱ ራሱ ፍጥነት ይመስላል። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ በ1888 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይዋ ከተማ በአርል የስንዴ ማሳውን በጭረትና በነጥብ ያንቀሳቀሰው በመቃ ብዕር ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችንም የሚቀርጹት ይህንኑ ነው። ለጋማውና ለአቧራው እኔ መቃውን አነሳለሁ፤ ሲደንዝም በቢላ መቅረጽ ነው።