ደጀን ላይ አንቴናችንን ለተከለልን ወንድም

እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ማለፍ ስላልሆነልኝ ነው የምጽፈው።

እኛ ደጀን ላይ የተበላሹ መኪኖችን በክሬን እናነሳለን። ሥራችን ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። መንገዱ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬኑ የጋለበት ሹፌር ታች ሆኖ ይጠብቀናል፤ ኩርባው ውስጥ ደግሞ ስልክ ይጠፋል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አውጥተን የመገናኛ ሬዲዮ ገዛን።

ጣጣው አንቴናው ላይ መጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሻጭ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም አንቴና ሸጠልን። "ረጅም ከሆነ ሩቅ ይሄዳል" አለን። ማዶ ጎሃ ጽዮን ድረስ ድምፃችን ጥርት ብሎ ይሰማል። ታች በረሃው ውስጥ ያሉት የሥራ ልጆቻችን ግን አይሰሙንም። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ የሲቢ (እዚያ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚነጋገሩበት ሬዲዮ) አንቴና ልላክላችሁ አለ።

በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ያለ የሬዲዮ ባለሙያ ተጠቆመልን። 70 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ፣ ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት "ሰዎቻችሁ የት ነው የሚቆሙት?" አለ። ይህን የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

የሲቢውን ነገር ቶሎ ዘጋው። ሲቢ በ27 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው። የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሩብ ሞገድ አንቴናው (ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ የሆነው) 2.75 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ሬዲዮ 150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሩቡ ግማሽ ሜትር ብቻ። ስለዚህ ለእኛ አይሆንም።

ስለ ረጅሙ አንቴና የነገረኝን ግን አልረሳውም። አንቴና ኃይል አይፈጥርም። ሊጥ ሲጫኑት ወደ ጎን እንደሚሰፋና ከላይ እንደሚሳሳ፣ ረጅሙም ድምፁን ወደ አድማስ ይዘረጋዋል። እኛ አፋፉ ላይ ነን፣ ልጆቹ ከእግራችን ሥር ናቸው። ድምፃችን በላያቸው ያልፍ ነበር!

አጭር ሩብ ሞገድ አንቴና ተከለልን። ከሥሩ ወደ ታች ያዘነበሉ አራት ዘንጎች አሉት። በመለኪያ እያየ ዘንጉን ትንሽ ትንሽ ቆርጦ አስተካከለው። ኬብሉንም ቀየረ። የድሮው 30 ሜትር አርጂ 58 የሚባል ቀጭን ኬብል ነበር፤ ሬዲዮው ከሚያወጣው 25 ዋት ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 6 ገደማ ነው። ሬዲዮውን ወደ ጓሮው ክፍል አዛውሮ አርጂ 213 በሚባል 15 ሜትር ወፍራም ኬብል አገናኘው። አሁን 18 ያህል ይደርሳል። ማያያዣዎቹን ውኃ እንዳይገባባቸው በጥንቃቄ ጠቀለለ። የጎጃምን የክረምት መብረቅ ስለሚያውቅ ምሰሶውን በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር አገናኘው። እንዲህም ሆኖ፣ መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ኬብሉን ንቀሉ ብሎናል።

ከዚያ የእጅ ሬዲዮ ይዞ ከልጆቹ ጋር በረሃ ወረደ። በየኩርባው እየቆመ ጠራኝ። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን! አንድ ኩርባ ላይ አሁንም ይቆራረጣል። እሱንም ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ነው የነገረን። ለአንቴና ከያዝነው ብር ግማሹን እንኳ አልነካም።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ የጭነት መኪና ድልድዩ አጠገብ ቆመ። ልጆቹ ከዚያው ሆነው የሚፈልጉትን ዕቃ ነገሩኝ፣ እኔም ወዲያው ላክሁ። ድሮ ቢሆን ለዚህ ብቻ አንድ ሰው ዳገቱን ይወጣ ነበር።

ወንድሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። እርሻ ላይም ሆነ ካምፕ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። የፈቃድ ወረቀታችሁን አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።