ማይኬን ትቶ ስክሪኔን ለያዘው ቴክኒሻን

ሰላም ጓደኞች። የምስጋና ጽሁፍ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እንደምታውቁት የሰርግና የስብሰባ አዳራሽ አለኝ። ዋየርለስ ማይኮቼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አበሳዬን ሲያሳዩኝ ከረሙ። መድረክ አካባቢ ደህና ናቸው። ሽማግሌው ማይኩን ይዘው ወደ ጠረጴዛዎቹ ሲወርዱ ግን "ውለዱ ክበ..." ብለው ምርቃቱ መሃል ላይ ቀጥ። ሰው ይስቃል፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል።

ያየው ሁሉ "ማይኩን ቀይረው" ነው የሚለኝ። ሰምቼ አዲስ ገዛሁ። ያው ነው። ባትሪ ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ጸበል መርጨት ብቻ ነበር የቀረኝ።

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ይሄን ልጅ ላከልኝ። ማይኮቹን ዞር ብሎም አላያቸው። "ጋሼ፣ ማይኮቹን በሙሉ ያጥፉልኝ፤ መብራቱና ከመድረኩ ጀርባ ያለው ኤልኢዲ ስክሪን ግን እንደ ሰርግ ቀን ይብራ" አለኝ። ከዚያ ስፔክትረም አናላይዘር የሚሉትን፣ አየር ላይ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ በየፍሪኩዌንሲው በስዕል የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ፣ አንቴና ሰካበት፣ የማይኩን ፍሪኩዌንሲ መሃል ላይ አደረገ። ማሳያው ላይ የታየኝ ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ ነው። ላይ ታች የሚርገፈገፍ ሣር ብቻ።

"ምንም የለማ!" አልኩት።

"ትንሽ ይታገሱ" አለና አቨሬጅ የምትለውን 100 ላይ አደረጋት። ሻይ አስመጣሁ። መሣሪያው ያንኑ ቦታ እየደጋገመ ይቃኛል፣ ያየውን ሁሉ ደምሮ አማካዩን ይስላል። ሣር የመሰለኝ ጫጫታ በየዙሩ መልኩን ስለሚቀያይር የአንዱ ዙር ከፍታ የሌላውን ዝቅታ ያካክሰዋል፣ እውነተኛ ሲግናል ግን በየዙሩ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ የትም አይሄድም። በ100 ዙር መርገፍገፉ ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። እውነትም ሻዬን ሳልጨርስ ሣሩ ተኛ፣ ከማይኬ ፍሪኩዌንሲ አጠገብ አንዲት ጉብታ ብቅ አለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሣሩ ውስጥ ተደብቃ ነበር!

"ጫጫታውን ቀነስከው ማለት ነዋ?" ስለው አይደለም አለኝ። አማካይ መንቀጥቀጡን ነው የሚያስቆመው፣ የጫጫታውን ወለል፣ ማለትም ሣሩ የተኛበትን ከፍታ፣ ዝቅ አያደርገውም። ወለሉን ለማውረድ የማጣሪያውን ስፋት፣ ማለትም መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያየውን የፍሪኩዌንሲ ቁራጭ፣ ከ100 ኪሎኸርዝ ወደ 10 አጠበበው፤ ወለሉ 10 ዴሲቤል ወረደ፣ ጉብታዋ ይበልጥ አፍጣ ወጣች። ዋጋው ጊዜ ነው፣ አንዱ ቅኝት በጣም ይንቀረፈፋል። ሁለተኛ ሻይ።

ቀጥሎ እቃዎቹን አንድ በአንድ እንዳጠፋ አዘዘኝ። የኤልኢዲ ስክሪኑን ብሬከር ሳወርድ ጉብታዋ ንቅንቅ አላለችም። "በል፣ እሱ አይደለም" ብዬ ልመልሰው ስል እየሳቀ እጄን ያዘኝ። የድሮዎቹ ዙሮች ገና አማካዩ ውስጥ ናቸው ለካ። ከዜሮ አስጀመረው። ጠበቅን። ጉብታዋ የለችም፤ ማይኬን የሚረብሸው ስክሪኑ ነበር ለካ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ጥፋተኛውን በነጻ አሰናብቼ ሌላ እቃ እፈታ ነበር።

ብልጭ ድርግም የሚል ረብሻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አቨሬጅ ራሱ ይቀብረው እንደነበር ነገረኝ፤ ለእንደዚያ ዓይነቱ ከፍተኛውን ይዞ የሚያስቀር ማክስ ሆልድ የሚባል አለ።

መፍትሔው ያሳፍራል። የማይኮቹን ሲግናል የሚቀበለውን ሪሲቨር ከስክሪኑ ጀርባ የደነቀርኩት እኔው ነኝ፣ ገመዱ እንዳይታይ ብዬ። አንቴናዎቹን ወደ አዳራሹ ጎን አወጣቸው፣ ማይኮቹን ንጹሕ ወደሆነ ፍሪኩዌንሲ አዛወራቸው፣ አለቀ። የጠየቀኝ ገንዘብ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ከቀየርኩት ማይክ ዋጋ በጣም ያንሳል።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰርግ አስተናግጃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት ማይኩን ይዘው እስከ በሩ ድረስ እየመረቁ ሄዱ፣ አንዲት ቃል አልጠፋችም። ይልቅ የሚያስቆማቸው ጠፋ።

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። አዳራሽ፣ ስቱዲዮ ወይም የድምፅ ኪራይ ያላችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ሲመጣ ግን አትቸኩሉበት፣ ሻይ አፍሉ።